ፊት ለሚያውቀው ካሜራ ሁለት ጉርድ ፎቶ

«እሺ፣ ደንበኛዬ ቀሚስ ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ ፊቱን ያስመዝግብ?» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ። ምድር ቤት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው።

«አያስመዘግብም፤ ማሽኑ ‹ያልታወቀ ሰው› ብሎ ያልፈዋል» አለ ካሜራ ሻጩ።

«የሚገዛኝ ሁሉ ያልታወቀ ሰው ነው። የሚያውቀኝማ ቁጭ ብሎ አውርቶ ነው የሚሄደው።»

ሰው ሳቀ። የሕንፃው ባለቤት አቶ ግርማ ግን አልሳቁም። በእስክሪብቷቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ አዲስ ነገር ሲመጣ የሚያደናቅፍ ሰው መቼም እንደማይጠፋ ነገሩን።

ይህ የሆነው አምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ እሠራለሁ። ግጥም ስለምሞካክር «ቃላት ያውቃል» ተብዬ የተከራዮች ኮሚቴ ጸሐፊ ተደርጌያለሁ። ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌ ረስቻለሁ። የዚያ ሰሞኑን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ በራሴ እጅ የጻፍኩትና በራሴ አፍ የተናገርኩት ነገር አለበትና።

ነገሩ የተጀመረው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ መግቢያው ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ ሲያስተክል ነው። አቶ ግርማ በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ የበሩን ጥበቃ ጋሽ ደበላን አሰናብቶ በምትካቸው ካሜራ መትከል። እስኪወሰን ድረስ ግን ለሳቸው ምንም እንዳይነገራቸው ተባለ።

ጋሽ ደበላ የዚሁ አካባቢ፣ የለቡ ሰው ናቸው። አባታቸው ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ለሳቸው የቀሯቸው ሁለት ላሞችና ይህ ሥራ ናቸው። ሕንፃው ገና የመሠረት ጉድጓድ ሳለ ነው ጥበቃ የጀመሩት። ማን የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚሠራ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን እናት እንደታመመች ያውቃሉ። ሰው ሲገባና ሲወጣ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ የብረቱ በር ላይ ነው። እኔ ድካም ይዟቸው የሚደገፉ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ሻጮች ተራ በተራ መጥተው አነጋገሩን። የመጀመሪያው ጥያቄ አበዛ። መግቢያው ወደ የት ይዞራል፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ይገባል፣ በቀን ስንት ሰው ይመላለሳል እያለ ይጽፍ ጀመር። ሲወጣ አቶ ግርማ «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል እንዴ?» አሉ። ተሰረዘ። ሁለተኛው፣ ብርሃን ከሰውየው ጀርባ ሲመጣ ካሜራው ሊሳሳት እንደሚችል ሳንጠይቀው ነገረን። ገና ሳይሸጥ ስህተት የሚያወራ ሰው ከሸጠ በኋላ ምን ሊል ነው ተባለ። እሱም ተሰረዘ።

ሦስተኛው ናሆም ይባላል፤ ቅድም ከወይዘሮ ጸዳለ ጋር የተነጋገረው እሱ ነው። ሙሉ ሱፍ ለብሶ ነው የመጣው። ነጠላ ተከናንቦ የሚመጣ ሰውስ ስንለው «ይቻላል» አለ። መብራት ሲጠፋስ? ይቻላል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት መንታ ልብስ ሰፊዎችስ? ይቻላል። አቶ ግርማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የማዶው ሕንፃ ካሜራ ይናገር እንደሆነ ጠየቁ። አይናገርም አለ። የእኛስ? ይናገራል፤ በአማርኛ፣ በሴት ድምፅ። ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ።

ናሆም ማሽኑን እስኪያመጣ የተከራዮቹን ፊት እንድናዘጋጅለት አዘዘ። ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩ። «ማንኛውም የሕንፃው ተጠቃሚ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ እንዲቀርብ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ሳላስብ፣ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። በሕይወቴ ሁለት ጉርድ ፎቶ ሳይጠይቀኝ ያስተናገደኝ ቢሮ የለም። ሌላውም አልገረመውም። ካሜራ ፊት ቆሞ መቅረብ እያለ ለካሜራ ፎቶ ማቅረብ ምን ይሉታል ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ጉርድ ፎቶ ደግሞ እኛ ዘንድ አያልቅም። ከመንጃ ፈቃድ የተረፈ፣ ከንግድ ፈቃድ የተረፈ፣ ከጋብቻ ማመልከቻ የተረፈ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ሁሉም የተረፈውን አመጣ። ፎቶ ቤቱ ቆዳውን አቅልቶ፣ መጨማደዱን አጥፍቶ፣ አንዳንዱንም ያልነበረ ከረባት አልብሶ የሠራው ነው። እኔም ተቀብዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ ከጀርባው ስም መጻፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ናሆም ሊመዘግብ ሲመጣ ፖስታውን ዘረገፍኩት። ጠረጴዛው በማላውቃቸው ቆንጆ ሰዎች ተሞላ። ከዓይኔ ማንም አያመልጥም ብዬ የምመካው እኔ አራት ሰው ብቻ ለየሁ። ናሆም ደግሞ ማንንም አያውቅም። ሰብስበን ጋሽ ደበላ ዘንድ ወረድን።

መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ስም ሰጡልን። «ይቺ ጸዳለ ናት፤ ባሏ በሕይወት ሳለ።» «ይሄ አቶ ግርማ ናቸው፤ ፀጉር የነበራቸው ጊዜ።» መንታዎቹን እንኳ ከቅንድባቸው ለዩ። የእኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ይሄን ሸሚዝ ለብሰህ ነው ሱቅ ፍለጋ የመጣኸው። ሦስት ቀን ተመላለስክ።» በሦስተኛው ቀን «ልጁ ጨዋ ነው» ብለው ለአቶ ግርማ የነገሩልኝ እሳቸው ናቸው። ሱቁን ያገኘሁት በዚያ ነው።

የመጨረሻውን ፎቶ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሽኑ ሲመጣ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ያግዝዎታል ጋሼ» አልኩ።

የሙከራው ቀን ሁላችንም መግቢያው ላይ ተሰለፍን። አቶ ግርማ ቀድመው ካሜራው ፊት ቆሙ። «ያልታወቀ ሰው» አለች የሴትዮዋ ድምፅ፤ ጥርት ባለ አማርኛ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ባሰባት። ወይዘሮ ጸዳለንም አላወቀቻቸውም። ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጃቸው ምሳ ይዛ ስትገባ ግን «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ጸዳለ» አለቻት። ወይዘሮ ጸዳለ ይደሰቱ ይናደዱ ሳያውቁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከተመዘገብነው ውስጥ ማሽኑ በትክክል ያወቀው አንድም ሰው አልተገኘም። ጋሽ ደበላ በሩን ይዘው በየተራ በስማችን እየጠሩ አስገቡን።

በዚያው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወይዘሮ ጸዳለ፣ ደበላ ባይኖር እኮ ማሽኑ ፎቶውንም አያውቀውም ነበር ሲሉ እፎይ አልኩ፤ ነገሩ የሚቀር መሰለኝ። አቶ ግርማ ግን ማሽኑ ጥፋት እንደሌለበት፣ ጥፋቱ የፊታችን እንደሆነ አስረዱ። ሁሉም በአካል ቀርቦ እንደገና ፎቶ ይነሳ፤ ደበላም ሁለት ሳምንት ማሽኑን ሰው ያለማምደውና ይሂድ አሉ። ከዚያ የኪራይ ውል እድሳት በቅርቡ እንደሆነ አስታውሰው «የሚቃወም አለ?» አሉ። ወይዘሮ ጸዳለ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። እኔም እጄን አላነሳሁም። እጄ እስክሪብቶ ይዞ ነበር። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብሎ ጻፈበት።

ዛሬ ማሽኑ በየጠዋቱ በስሜ ይጠራኛል፤ አባቴን ሳይቀር አስከትሎ። እናቴ ተሽሏት እንደሆነ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚያ በር አንድ ግጥም ልጽፍ ስንት ጊዜ ሞክሬ ቀደድኩት። በየስንኙ ራሴን ንጹሕ እያደረግኩ ተቸገርኩ።

ለጋሽ ደበላ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። «አንተ ቃላት ታውቃለህ፣ አንተ ንገረው» አሉኝ አቶ ግርማ። ወረድኩና ኮሚቴው ላገለገሉበት ዘመን ከልብ እንደሚያመሰግን፣ ማሽኑ ሰው እስኪለምድም ሁለት ሳምንት አጠገቡ ቢቆዩለት ደስ እንደሚለው በጥሩ አማርኛ ተናገርኩ።

«እኔ ሰው ስለምድ ማን አጠገቤ ቆመ?» አሉ፤ ሳይቆጡ።

ካፖርታቸውን ከምስማሩ አወረዱ። ራዲዮናቸውን ብብታቸው ስር አደረጉ። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ውስጡ ሁለት ጉርድ ፎቶ አለ። መካኒሳ አቦ ፎቶ ቤት ሄደው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለዚሁ ብለው የተነሱት ነው። ከሕንፃው ሰው ሁሉ ዛሬ ያለውን ፊቱን ያመጣው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ማስታወቂያው ሁለት ስለሚል ነው» አሉ።

በሩን ከፍተው ወጡ። በዚያን ቀን በእጃቸው አልያዙትም፤ ለቀቁት። ያ የብረት በር ሲዘጋ እንደዚያ እንደሚጮህ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።