ከውጭ የመጣው ሽሮፕ

ባለቤቴ ደሳለኝ ከማረፉ በፊት አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር መድኃኒት መግዛት ነበር። ሳል ይዞት ስለነበር በታኅሣሥ ፀሐይ ክንዴን ይዞ ከሰባተኛ ሰፈር ቀስ እያልን ወረድን። የመድኃኒት ቤቷ ወጣት ወረቀቱን አየችና፣ «አባባ፣ ሐኪሙ የጻፈው የውጭው የለኝም። ያው መድኃኒት የአገር ውስጡ ግን አለ» አለችው።

«ስጪኝ የእኔ ልጅ» አለና ዞር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ብርቱካን ገዝተን ቤታችን ገባን፤ ሳሉም በሳምንቱ ለቀቀው። ከወር በኋላ በእንቅልፉ የወሰደው ልቡ ነው።

ያ አስተያየት ሃያ ሦስት ዓመቴ ወደነበረበት ክረምት ይመልሰኛል።

ያደግሁት በአባቴ ብትን ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱፍ ነው ያሉኝን ጨርቅ ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሰውና አሸተዋለሁ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ፕላስቲክ ከሸተተ ሻጩ ውሸታም ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ጠርዙን አያለሁ፤ ደህና ጨርቅ የተሠራበት አገር ጠርዙ ላይ ይጻፍበታል። አባቴ «የእሷ ጣት ዓይን አለው» እያለ በደንበኛ ፊት ይኮራብኝ ነበር። ደሳለኝን ግን አይወደውም። ከጎጃም መጥቶ እሱው ሱቅ ተቀጥሮ ነው ያገባኝ፤ ለአባቴ ዕቃ የማያውቅ ሰው ሰው አይደለም።

ልጃችን ሰናይት ገና ዓመቷ ነበር። ግራ ጆሮዋን አመማት፤ መግል ወጣው፣ ትኩሳቱም አላስተኛት አለ። ጤና ጣቢያ ሽሮፕ ታዘዘላትና በዝናብ፣ በዚያ የመርካቶ ጥቁር ጭቃ፣ በጋሪ መሀል እየተጋፋን መድኃኒት ቤት ደረስን። ሻጩ ጋሼ ተፈሪ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ነጭ ወረቀት ጠመም ብሎ የተለጠፈበት ጠርሙስ አወጡ።

«የውጭውን ነው የምፈልገው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። የተለያየው ስሙና ካርቶኑ ነው።»

«ጨርቅ ሻጭም እንዲሁ ነው የሚለው።»

ሳቁ። «እንግዲያ እንደ ጨርቅ ልትለብሺው ነው? ልጅቷ እኮ ካርቶኑን አትጠጣም!»

ደሳለኝ፣ «ሰውየው ተምረዋል፤ እንውሰደው» አለኝ በቀስታ።

«ለራስህ ሱሪ ኦሪጅናል፣ ለልጅህ መሰል?» ብዬ ማዘዣውን ከእጁ ነጠቅሁት።

ከመርካቶው ጎጃም በረንዳ ወዲያ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሽቶና ሳሙና ሻጭ ነበሩ። ድንበር ተሻግሮ የመጣ መድኃኒትም ከሳሙናው ሥር ያስቀምጣሉ። «ከነገ ወዲያ ይመጣልሻል» አሉኝ። ደሳለኝ በመሀሉ ሁለቴ፣ «እስከዚያ የጋሼ ተፈሪን እናጠጣት» ብሎ ለመነኝ። እንቢ አልኩ። ልጅቷ እያለቀሰች ጆሮዋን ትጎትታለች፤ እኔ ኦሪጅናል እጠብቃለሁ።

መጣ። ካርቶኑ ያብረቀርቃል። ጥፍሬን ፊደሎቹ ላይ ሳሳልፍ ከፍ ከፍ ብለዋል፤ የተሠራበት አገርም በጎኑ ተጽፏል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ተጓጉሎ ስለነበር በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ብዙ ነቅንቄ በጠበጥኩት። ሁለት ቀን አጠጣኋት። በሦስተኛው ጠዋት ከጆሮዋ ኋላ ያለው አጥንት አብጦ ጆሮዋን ወደፊት ገፍቶት አየሁ። ደሳለኝ በነጠላ አቅፏት በዝናብ ሆስፒታል ሮጠ።

ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ተረፈች። በግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አትሰማም።

ሐኪሙ ይዤው የሄድኩትን ካርቶን ገልብጦ ሥሩን አሳየኝ። መድኃኒቱ የውጭ ነበር፣ እውነተኛም ነበር፤ ጊዜው ግን ካለፈ ቆይቷል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ስለይ ቀን ፈልጌ አላውቅም። ጨርቅ ጊዜ አያልፍበትም።

አባቴ ኮሪደሩ ላይ ደረሰና ካርቶኑን አየ። «ማን ነው ይሄን የገዛው?»

አፌን ከፈትኩ። ደሳለኝ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ረከሰልኝ ብዬ ከመንገድ ገዛሁት።»

«ድሮም አውቄሃለሁ! ጣቷ ዓይን ያለው ሚስት አጠገብህ እያለች!»

ማታ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቅሁት። «እኔን ድሮም አይወደኝ፤ ምን ይጨምርብኛል? አንቺን ግን ይኮራብሻል» አለኝና ፊቱን ታጠበ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አባቴም ሳያውቅ ሞተ።

ሰናይት ይህንኑ እየሰማች አደገች። አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ በትምህርት ቤት ስቀውባት መጣችና፣ «ርካሽ ፈልገህ ነው ጆሮዬን ያጠፋኸው!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ዝም አለ። እኔ ጓዳ ምስር እየለቀምኩ ነበር። መልቀሜን ቀጠልኩ።

በአርባው ማግስት ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ አባዬን ይቅር ብዬው ነበር። ሳልነግረው መሞቱ ነው የሚቆጨኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። ከጋሼ ተፈሪ ጠርሙስ ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስጮህበት የት ነበርሽ?»

«እዚያው» አልኳት።

በመድኃኒቱ መሳሳቴን ለራሴ ይቅር የምልበት ቀን አለ፤ ያላወቅሁትን አላወቅሁም። ዝምታዬን ግን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ደግሞም በየቀኑ። እሱ ያለ ቅሬታ መሸከሙ ሸክሙን ያቀለለው ይመስለኝ ነበር። አሁን ቤቱ ጭር ሲል እንዳላቀለለው ይገባኛል።

ሰናይት ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ትደውላለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰው ምሳ እሠራለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃታለሁ፣ ከዚያ እበላለሁ።