ለጫማ ያልሆነው ጎማ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ። አዲስ ጎማ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ግን አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን መንካት ብክነት ይመስለኝ ስለነበር ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት። የፊት ጎማዬ ጥርሱ አልቆ ሙልጭ ሲል እንኳ፣ «ገና ይሄዳል» እያልኩ በዚያ ሙቀት ሩቅ ካለችው ከፑኝዶ ጋምቤላ ድረስ በሽተኛ አመላልስበት ነበር። አለቆቼ በቆጣቢነቴ ሲያመሰግኑኝ ደረቴን እነፋለሁ። ድንቄም ቆጣቢ!

አንድ ቀን ጠዋት ምጥ የጠናባትን ሴት ከፑኝዶ አምጥቼ ጋምቤላ ሆስፒታል አደረስኩ። ከዚያ በኋላ «አሁንስ በቃው» ብዬ ጎማውን ፈታሁትና ገበያ ዳር ከአሮጌ ጎማ ጫማ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩላቸው። በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው። ስጦታ መስጠቴ ነበር፤ ምርቃትም ጠብቄያለሁ።

ሽማግሌው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ክሩ ያገጠጠበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወዲያው መልሰው ሰጡኝ።

«ይሄማ ለጫማም አይሆን። ይህን ጎማ ሰው እግር ላይ አላደርግም» አሉኝ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ምን ስትጭንበት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ጠዋት ያደረስኳት ሴት መኪናው በነጠረ ቁጥር የወንበሬን ጀርባ ጭምድድ አድርጋ ስትይዝ ታወሰችኝ።

«እህል» አልኳቸው።