ያልታመመ ጉልበቴ

የዚያን ቀን ጧት በሰልፉ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ነበርሁ። የሞጣዋ እትየ ሐዋ ነበሩ። ከፊታችን መነጽር ያደረገ የአገራችን ተማሪ ነበር። ባዶ ወንበር እየገፋች የመጣች ቀጭን ፈረንጅ ልጅ ነበረች። ከመስታወቱ ኋላ ማኅተም የያዘ ፖሊስ ነበር። ከበሩ ማዶ ደግሞ ሕፃን ታቅፋ የምትጠብቀኝ ልጄ ሰላም ነበረች። ሌላው ሕዝብ ብዙ ነው፤ አላውቀውም። ከእነዚህ ሁሉ እኔ ያደረግሁትን የሚያውቁት እትየ ሐዋ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያን ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለባሌ አልነገርሁም። ለልጄ አልነገርሁም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ገብቼ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልሁ ወጥቻለሁ። አሁን ግን ለእናንተ ለማታውቁኝ እነግራለሁ።

እኔ የቢቸና ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፈሪ ነኝ፤ በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ ቆልፌው ይሆን ብዬ የምመለስ ሴት ነኝ። ልጄ ጀርመን አገር ወልዳ «እማ፣ መጥተሽ እረጅኝ» ስትለኝ ከአውሮፕላኑ ይልቅ የፈራሁት ከወረዱ በኋላ ያለውን ሰልፍ ነው። ሄደው የመጡ ሴቶች ነግረውኛል። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ያስቆማል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከመስታወት ኋላ የተቀመጠ ሰው በማታውቂው ቋንቋ ይጠይቅሻል፤ መልሱን ካላወቅሽ ወደ መጣሽበት ይመልስሻል አሉኝ። ይህን ሰምቼ ስንት ሌሊት አልተኛሁም።

ልጄ ፍርሃቴን ታውቃለች። ስለዚህ ትኬቱን ስትቆርጥ ባለ ጎማ የሚገፋ ወንበር አዘዘችልኝ። ይህን ብዙ ልጆች ያደርጉታል። እናትየዋ ጤነኛ ብትሆንም ቋንቋ ስለማታውቅ እንዳትጠፋባቸው፣ በወንበር ተገፍታ በሰው እጅ እንድትወጣ፣ «መራመድ አትችልም» ብለው ያስመዘግባሉ።

«ወንበሩ ከመጣ ተቀመጭ እማ፤ ለሰው እንዳትተይው» አለችኝ በስልክ።

«ምንም አልሆንሁ እኮ።»

«ጉልበቴን ያመኛል በያ! ማን ከፍቶ ያይሻል?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን ዛሬ አልወደውም።

እትየ ሐዋ በአውሮፕላኑ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ሞጣ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ገና ሳንነሣ «ከየት ነሽ?» አሉኝ። ከቢቸና አልኋቸው።

«አይ ቢቸናዎች! ጤፍ ስትሰፍሩ እንኳ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ፊታችሁ ይጠቁራል።»

«ሞጣዎችስ? ጨርቁን ሳትዘረጉት መሐላው ይቀድማል» አልሁ፤ ከየት እንደ ደፈርሁ አላውቅም።

ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ግማሹ ሄደ። ቀበቶውን አሠሩልኝ። ጆሮዬ ሲደፈን ከረሜላ ሰጡኝ። ምግብ ሲመጣ፣ ሁዳዴ ጾም ነበርና፣ የትኛው እንደሚበላ ሳላውቅ እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙት።

«ቆይ! ቆይ! ይሄ ቅቤ አለው፤ አትንኪው።»

የእኔን አንሥተው የእሳቸውን ፍራፍሬና ሩዝ ወደ እኔ ገፉት። «ከጎኔ ተቀምጠሽ ጾምሽን ብትፈችው አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው» አሉ። እናት እንኳ ለልጇ እንዲህ ታስባለች?

የእሳቸውን ጉዳይ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጃቸው ከጀርመን አልፎ በሌላ አገር ትኖራለች። አጠገቧ ባልም ዘመድም የላትም። በደረስን በማግስቱ ጧት በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ቀጠሮ ተይዞላታል። እሳቸው ሰልፉን አልፈው ሁለተኛ አውሮፕላን መሳፈር አለባቸው። «ያችን ካጣኋት ሌላው የሚነሣው ነገ ነው፤ ልጄ ማንንም ሳታይ ቢላ ሥር ልትገባ ነው» አሉኝ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላወቅሁም ልል አልችልም። እግራቸውም ማበጥ የጀመረው ገና በአየር ላይ ሳለን ነው። ለእሳቸውም ልጃቸው ወንበር አዝዛ ነበር፤ ለእሳቸው ግን በእውነት ነው።

ስንወርድ በሩ ላይ አንድም ወንበር አልነበረም። ሠራተኞቹ በእጃቸው ወደፊት፣ ወደፊት እያሉ አሳዩን። የሁለታችንን ቦርሳ እኔ ተሸከምሁ፤ ጉልበት ነበረኛ! እትየ ሐዋ ክንዴን ይዘው እያነከሱ ተከተሉኝ። አዳራሹ ስንገባ ሰልፉ በገመድ መካከል እየተጠማዘዘ ሄዶ ይመለሳል፤ ጫፉ አይታይም። እንባዬ መጣ።

«ምነው? ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፈሽ አታውቂም?» አሉ እትየ ሐዋ። «ያው ነው። ቦርሳሽን መሬት አስቀምጭው፤ ሰልፉ ሲሄድ በእግርሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ። ሰልፉን በሙሉ አትይው፤ ከፊትሽ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ እይ። ሙሉውን የሚያይ ሳይደርስ ይደክማል።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከቋጠሯቸው ቆሎ እየዘገኑ ሰጡኝ። ውኃቸውን አጠጡኝ። ከፊታችን ያለውን ተማሪ ስለ እናቱ ጠየቁት፣ መረቁት፣ «አግባ እንጂ፣ እስከ መቼ ነው ጫማህን ራስህ የምታስረው» ብለው አሳቁት። የመስታወቱን ሰው መፍራቴን ስነግራቸው «አብረን እንቆማለን፤ እኔ ባለፈው ዓመት አልፌዋለሁ። የልጅሽን ወረቀት ታሳያለሽ፣ አለቀ» አሉኝ። ተማሪውም «እኔም አለሁ እማማ» አለኝ። ታዲያ ምን ጎደለኝ? ምን አስፈራኝ? ሁለት ሰው አጠገቤ ነበረ።

አንድ ሰዓት ከቆምን በኋላ ያች ቀጭን ልጅ አንድ ባዶ ወንበር እየገፋች መጣች። በቋንቋዋ ተናገረች፣ አንድ ጣቷን አሳየች። ተማሪው ወደ እኛ ዞሮ «ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው ትላለች። መቆም የማይችለው ማነው?» አለ።

በዚያች ሰዓት እትየ ሐዋ ጎንበስ ብለው ያወለቁትን ጫማ ለማጥለቅ ይታገሉ ነበር። እግራቸው እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ አልገባ ብሏል። አየሁት። እግሩን አየሁት፣ ጫማውንም አየሁት። አይቼም እጄን አነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ጉልበቴን ያመኛል።»

ጉልበቴንም ያዝሁ።

እኔ ነኝ ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። እኔ እኮ ቦኖ ላይ ያደግሁ ሴት ነኝ! የሰው ጀሪካን ገፍታ የራሷን ያስቀደመችን ሴት በአደባባይ አዋርጄ አውቃለሁ። ልጆቼን «ተራሽን ጠብቂ፣ ተራህን ጠብቅ» እያልሁ ነው ያሳደግሁ። ቅቤ እንዳይነካው የተጠነቀቅሁለት አፌ በሁዳዴ ጾም ውሸት ነካው፤ ያውም ጾሜን በጠበቁልኝ ሴት ላይ።

እትየ ሐዋ ቀና አሉ። አዩኝ። ሁለት ቦርሳ አንጠልጥዬ ስሄድ አይተውኛል፤ ጉልበቴ ደህና መሆኑን ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ተማሪው ይሰማቸው ነበር። አልተናገሩም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ቦርሳዬን ከመሬት አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። የቀረውን ቆሎ ቋጥረው በእጄ አስያዙኝ።

«ሂጅ እታለም፣ አይዞሽ። ልጅሽን ሳሚልኝ» አሉ።

ወንበሩ ሲገፋ ተማሪው «እግዜር ይማርዎት እማማ» አለኝ። ላልታመመ ጉልበቴ ምርቃት ተቀበልሁ። ሕዝቡ ገመዱን እየከፈተ አሳለፈኝ።

መስታወቱ ዘንድ የደረስሁት ወዲያው ነው። ፖሊሱ ወረቀቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ማኅተሙን መታ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ቆሎ የመዝገን ያህል እንኳ አልቆየም። ዞሬ አየሁ። አረንጓዴው ሻሽ እዚያው ጥምዝ ላይ ነው። እትየ ሐዋ ባዶ እግራቸውን ቆመው ቦርሳቸውን ገፋ ሲያደርጉ አየኋቸው። ያን ጊዜ ወንበሩን የምትገፋዋን ልጅ «እሷን፣ ያችን» ብዬ ማመልከት እችል ነበር። በጣት ለማመልከት ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? አላመለከትሁም። ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ዓይኔን ወደ በሩ አዞርሁ።

ሰላም አቅፋኝ አለቀሰች። ሕፃኗን አስታቀፈችኝ። «ወንበሩ ጠቀመሽ አይደል እማ?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። «የረዳሽ ሰው ነበረ?» አለችኝ። «አንዲት የሞጣ ሴት» አልኋት፤ ከዚያ አላለፍሁም። ስለ ከረሜላው ነገርኋት፣ ስለ ጾሜ ነገርኋት፤ ስለ እግራቸው አልነገርኋትም።

ስድስት ወር ከልጄ ጋር ቆየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የልጅ ልጄን አጥቤ፣ አዝዬ፣ ጥርስ ስታበቅል አይቼ ነው የተመለስሁ። ለዚህ ሁሉ አመሰግናለሁ። አመስግኜ ግን አልጨርስም፤ ሕፃኗን ገንዳ ውስጥ ባስቀመጥሁ ቁጥር የእትየ ሐዋ ልጅ ትመጣብኛለች። ከኦፕራሲዮን ስትነቃ እናቷ አጠገቧ ነበሩ? ወይስ እኔ የተቀመጥሁበት ወንበር እናቷን አስቀርቶባት ነበር?

ስመለስ ቦሌ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ልጄ እንደገና ወንበር አዝዛለች። የሚገፋው ሰው ስሜን ጠርቶ ሲመጣ «ደህና ነኝ» ብዬ በዱላ የቆሙ ሽማግሌ አሳየሁት። እኔ ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ፣ የፊቴን ሰው ጀርባ እያየሁ፣ በእግሬ ገፋ እያደረግሁ ተራዬን ጠበቅሁ። ይህ በደሌን አጠበው? አላጠበውም። እሳቸው ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁ።

አገሬ ገብቼ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም አድርጌ ሞጣ ሄድሁ። ጨርቅ ሻጮቹን ጠየቅሁ። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ሱቃቸውን አሳየኝ፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል። «ሐዋ ከሄዱ አልተመለሱም፤ የድሮው ስልካቸውም አይሠራ» አለኝ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ከቢቸና ነው የመጣሁ፤ ውለታ አለብኝ» አልሁት።

«የቢቸና ሰው ውለታ ሊመልስ ሞጣ ድረስ መጣ? በሉ ልብስ አስገቡ፣ ዝናብ ሊጥል ነው!» ብሎ ሱቅ ጎረቤቶቹን አሳቀብኝ። አብሬ ሳቅሁ። እዚያም ላይ ውለታ አልሁ እንጂ በደል አላልሁም። አፌ እንደገና ዘለላት።

ልጄ መክራኝ ነው አልልም፤ ልጄ እትየ ሐዋን አታውቃቸውም። ሰልፉ ረዝሞ ነው አልልም፤ ለእሳቸውም ያው ሰልፍ ነው። ፈሪ ስለሆንሁ ነው አልልም፤ እሳቸውም ስለ ልጃቸው ይፈሩ ነበር። እኔ የታመመ ሰው ወንበር ላይ በጤናዬ ተቀመጥሁ። ይኸው ነው።

አሁን የምለምነው ይህን ነው። ሞጣ ላይ ከመስጊዱ በታች ጨርቅ ይነግዱ የነበሩትን፣ አረንጓዴ ሻሽ የሚያስሩትን፣ ቀልደኛዋን ሐዋን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያን ቀን ሁለተኛዋን አውሮፕላን ደረሱባት? ልጃቸውስ በሰላም ተገላገለች? እግራቸውስ አሁን እንዴት ነው?