የቶሬካልባዋ ካሲልዳ

ካሲልዳ ሬይ በኩዌንካ ገበያ ዓሣ ሻጭ ነበረች። ድምፅዋን ያሳደገው ሰርዲን ነው፤ "ዛሬ የወጣ ሰርዲን!" ብላ ስትጣራ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ያነሣል።

ካሴት በነገሠበት በዚያ ዘመን አንድ ካሴት አሳትማ ነበር። ካሴቱን የገዙት ዘመዶቿ ብቻ ናቸው፤ አክስቷማ ረስታ ሁለቴ ገዝታለች። ባሏ አቡንዲዮ የዳቦ መኪና ሹፌር ሲሆን፣ "ማኔጀሯ ነኝ" እያለ ራሱን ሾሟል።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የቶሬካልባ መንደር ከንቲባ ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው።

"የዘፋኟ ካሲልዳ ሬዬስ ቤት ነው?"

"ሬይ" አለ አቡንዲዮ።

"እሷን፣ እሷን! ለቅዱስ ሮኬ በዓል እንፈልጋታለን።"

ካሲልዳ ሬዬስ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምትታይ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ጠጉረ ወርቃማ ዘፋኝ ነች። አቡንዲዮ ግን ሰውየው ስም የሚሳሳቱ መስሎት ቀኑን መዝግቦ ስልኩን ዘጋ።

በበዓሉ ቀን የዳቦ መኪናቸው አደባባዩ ሲደርስ ግድግዳው ሁሉ የባለ ወርቃማ ጠጉሯ ሬዬስ ፎቶ ተለጥፎበታል።

"አቡንዲዮ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም።"

"ፎቶ አንሺው አሳምሮሽ ነው።"

"ግማሽ ሜትር ጨምሮልኝ?"

"ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነዋ!"

ዶን ኤቫሪስቶ እሷን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ እንደገና እሷን አዩ። ሕዝቡ የቬርሙት መጠጡንና ወይራውን ይዞ እየጠበቀ ነው። የከንቲባነቱ ምርጫ ደግሞ ለፀደይ ነው።

"ሴትዮ፣ ስምዎ መጨረሻ ላይ 'ስ' የለውም?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ ኖሮት አያውቅም።"

ከንቲባው ላባቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ መድረኩ ላይ ይውጡ። የጠየቀ ካለ፣ ቴሌቪዥን ሰው ያስረዝማል እንላለን።"

መድረክ ላይ ስትወጣ ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ከፊት፣ ወንበራቸውን ከቤት ይዘው የመጡት የዘጠና ዓመቷ ዶኛ ሲንፎሮሳ "ምነው፣ እንደ ሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጠቧት እንዴ?" አሉ። ሳቅ ሆነ። ካሲልዳ መዝፈን ጀመረች፤ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ማጫወቻው የአጃቢ ሙዚቃዋን ካሴት በላው።

"'መስኮቱን ክፈት ፓብሎ'ን ዝፈኚልን!" ብሎ ሕዝቡ ጮኸ። የሬዬስ ዝነኛ ዘፈን ነው። ካሲልዳ የምታውቀው አዝማቹን ብቻ ነው። ግራ ሲገባት ማይኩን ወደ አሮጊቷ ዘረጋች።

"እማማ፣ ግጥሙን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ ወይ? ባሌ ፓብሎ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መስኮት ሳይከፍት ሞተ!"

ማይኩን ነጥቀው ዘፈኑ። ከሳቸው ሥጋ ሻጩ ቀማቸው፤ ከሱ ቄሱ ተቀበሉት። አዝማቹ በደረሰ ቁጥር ካሲልዳ በዓሣ ገበያ ድምፅዋ ስታወርደው የቤተ ክርስቲያኑ ርግቦች ከጣሪያው ተነሡ። ያን ቀን ቶሬካልባ ውስጥ ያላረረ ምሳ አልነበረም።

በዓመቱም እሷኑ ጠሯት። በሦስተኛው ዓመት ግን ዶን ኤቫሪስቶን ኅሊናቸው ወቀሳቸውና እውነተኛዋን ሬዬስ አስመጡ። ከአሥራ ሁለት ሙዚቀኞች ጋር መጣች፤ ስንኙን ሁሉ አሳምራ ብቻዋን ዘፈነች። ማይኩን ለማንም አልሰጠችም።

ዶኛ ሲንፎሮሳ ተነሡ። "ድምፅሽስ ደህና ነው ልጄ፣ ግን ካሲልዳ አይደለሽም።"

"ካሲልዳ ሬዬስ እኮ ነኝ!"

"በሰው ስም አትነግጂ!"

"አስመሳይ!" አለ አደባባዩ። ከንቲባው ካሲልዳን ሊጠሩ ወደ ስልክ ሮጡ።

ካሲልዳ የዓሣ ቅርፊት ክንዷ ላይ እንደተጣበቀ በዳቦ መኪናው ደረሰች። ከመድረኩ ጀርባ ሬዬስን የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት።

"ሃያ ዓመት ስዘፍን አስመሳይ ብሎኝ የሚያውቅ የለም" አለች ሬዬስ።

"እኔንማ ከዚህ መንደር ውጭ ሁሌ ይሉኛል፤ ይለመዳል። ተነሺ፣ አዝማቹን አብረን እንላለን።"

ሁለቱም ወጡ። ዶኛ ሲንፎሮሳ ካሲልዳን ጠጋ አሏትና "ይቺ ረጅሟ ለአጃቢነት አትከፋም፤ ያዢያት" ብለው መከሯት።

ካሲልዳ ከዚያ በኋላ በቶሬካልባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘፈነች፤ ከመንደሩ ውጭ ግን ዘፋኝ ብሎ ያወቃት የለም። ሬዬስም አብረው በዘፈኑ በዓመቱ ማንም ሳይጠራት፣ ያለ ባንድ፣ በጠፍጣፋ ጫማ መጣች። ሕዝቡ መሃል ቆማ፣ የአዝማቹን ዜማ እንዳሻት እያበላሸች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።