የመቶ ሜትር ሲባጎ

ሥርጉት ልብስ ሰፊ ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከሰፈራችን ቦኖ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርምና የዲያቆን ቀሚስ ሰፍታለች፤ የእኔን ሱሪ ጉልበትም ስንት ጊዜ ጥፋለች። የአንኮበር ልጅ ናት፤ ቁጡ ናት፤ ግን ቁጣዋንም እንደ ጨርቅ ለክታ ነው የምትቆርጠው። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ። የምተርከው የእሷን ነገር ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቦኖው ከደረቀ አሥር ወር ሞልቶት ነበር። በእድር ስብሰባ ሁሉም «ሰላማዊ ሰልፍ እንውጣ!» እያለ ጮኸ። እኔም እንዳስተማሪነቴ ተነሥቼ፣ ሕጉ ፈቃድ ለምኑ እንደማይል፣ ከአርባ ስምንት ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ብቻ እንደሚል አስረዳሁ። «ግን ኃላፊነት ወስዶ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል» ስል ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዝም አይነቅዝም» አሉ።

ሥርጉት ከኋላ ተነሣች። «እኛ ግን በውሃ ጥም ልንነቅዝ ነው። ጋሼ ወልደኪዳን፣ ወረቀቱን ያምጡት» አለችኝና ፈረመች።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 12፣ ሚካኤል። በሚካኤል የሚያርስም የሚሰፋም ስለሌለ ሰው ሁሉ ይወጣል አልኩ፤ በብልሃቴም ኮራሁ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው መልስ፣ ሰልፉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማለፍ እንደሚችል፣ ነገር ግን መቶ ሜትር ክልል ውስጥ መቆም ክልክል መሆኑን ይናገራል። እናልፋለን፣ ምን ችግር አለ አልን።

ሦስት መቶ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ሚካኤል ደጅ ስንደርስ የፊተኞቹ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ሊሳለሙ ቆሙ። በሚካኤል ቀን የሚካኤልን ደጅ ሳይሳለም የሚያልፍ ማን አለ? የኋላው በፊተኛው ላይ ተደረበ፤ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብም ተቀላቀለበትና መንገዱ ተዘጋ። ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድ ባጃጅ መሃል ላይ ሩብ ሰዓት ተገትሮ ቀረ። ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሰልፉ ግን በፖሊስ ተበተነ። አቤት ልንል የተነሣንበትን የውሃ ቢሮ ደጅ እንኳ አላየንም።

በማግሥቱ ሥርጉት ፖሊስ ጣቢያ ተጠራች። አብሬያት ሄድኩ። ኢንስፔክተር ጌታሰው «ዳግመኛ ሰልፍ አልጠራም» የሚል ወረቀት ፊቷ አስቀመጠ።

«እትዬ ሥርጉት፣ ያቺ ሴት መንገድ ላይ ብትሞትስ ኖሮ?» አላት።

«እሷን ሳስብ አፍራለሁ። ለዚያ ቅጡኝ። ይህን ግን አልፈርምም። ያጠፋነው በመቆማችን ነው እንጂ በመናገራችን አይደለም።»

«እንግዲያው ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

እኔ በሹክሹክታ «ፈርሚና እንሂድ» አልኳት። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ አላልኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥርጉት ዞር ብላም አላየችኝ። «ኢንስፔክተር፣ ትናንት ደጁ ጋ ስንደርስ እርስዎም ቆብዎን አውልቀው ሲሳለሙ አይቻለሁ። ቆመው ነበር» አለች።

ጌታሰው ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። «ለሁለተኛው ሰልፍ ከመቶ ሜትር ውጪ የሚሄድ መንገድ ፈልጉ። አንድ ሰው ቢቆም ግን አልለቃችሁም።»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ መፈለግ! ሥርጉት ግን ሲባጎ ገዛች። አንድ ሜትር ተኩል የሆነውን የልብስ ሜትሯን ስልሳ ሰባት ጊዜ ዘርግታ መቶ ሜትር ቆረጠች፤ የተረፈውን ግማሽ ሜትር «ምርቃት ነው» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ አንዱን ጫፍ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ይዤ ስቆም፣ እሷ ሌላውን ጫፍ እየጎተተች ለካች። ሰው ሁሉ ሳቀብን። በመጨረሻ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚያልፍ ጭቃ መንገድ አገኘች።

ሁለተኛውን ማሳወቂያ ስጽፍ ከስሟ ሥር የራሴን ስም ጨመርኩ። አየችውና ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች።

ቀኑ ተራ የሥራ ቀን ስለነበር የወጣው ሰባ ሰው ቢሆን ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ስንታጠፍ የሚካኤል ጉልላት በሩቁ ታየ፤ የፊተኞቹም እግራቸው ሊገታ ሆነ። ሥርጉት ከመሃል «እየሄዳችሁ ተሳለሙ!» ብላ ጮኸች። ሰባውም ጀሪካኑን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ እያማተበ አለፈ። ጌታሰው ከጎናችን እየሄደ ነበር፤ እሱም አማተበ፤ አልቆመም።

የውሃ ቢሮው ደጅ ደረስን፤ ኃላፊው ወጥቶ የአቤቱታ ደብዳቤያችንን ተቀበለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦኖው በሳምንት ሁለት ቀን መፍሰስ ጀመረ። ሁለት ቀን አይበቃም፤ ሦስተኛ የሰልፍ ማሳወቂያ እየጻፍን ነው።

ባለፈው ሰሞን ከታችኛው ሰፈር ሦስት ሰዎች ሱቋ መጡ። የእነሱም ቦኖ ደርቋል። ሲባጎውን እንድታውሳቸውና፣ ልምድ ስላላት፣ እግረ መንገዷን እንድትፈርምላቸው ለመኗት።

ሥርጉት ሲባጎውን ከግድግዳው ሚስማር አውርዳ ሰጠቻቸው።

«ይኸው። ስም ግን አላውስም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።