የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ እግር

ቁስል ማጠብ ማንም አላስተማረኝም። በደርግ ጊዜ ልደታ አካባቢ በነበረች አንዲት የቁስል ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኛነት ገባሁ። ነርሶቹ ሲሠሩ እያየሁ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፋሻ በመጠቅለል የሚስተካከለኝ ጠፋ። ጉራ አይደለም፤ ያየ ይመስክር።

የቁስል ሐኪም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያወቅሁት ግን ከአንዲት ወጣት ሐኪም ነው። ውጭ አገር ተምራ በመጣች ሰሞን አንድ የጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ መጡ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለው ቁስል ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሆስፒታሉ «ካልተሻለ እግሩ ይቆረጣል» ብሎ የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። የስፌት መኪናቸው ደግሞ በእግር የሚረገጥ ነው!

ሽታው እኛን ወደ መስኮት ሲገፋን እሷ ተንበረከከች። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ጭራሽ ጠጋ ብላ አሸተተች። የእግራቸውን የደም ትርታ በጣቷ ፈልጋ ስታገኘው ፊቷ በራ፤ ደም ወደ እግራቸው ይደርሳል ማለት ነው። ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቁስሉ ላይ አድርጋ፣ መጥበቡን በኋላ ለማየት ዳርቻውን በእስክሪብቶ ቀዳች። ቀጥሎ ስለ ኑሯቸው ጠየቀች፤ ምን ይበላሉ፣ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ብዙ ይቆማሉ?

«ዶክተር፣ ቁስሌ እንኳ ስብሰባ አይወድም» አሉ። ሳቅን።

«ደሙ ወደ ላይ መመለስ አቅቶት ነው እግርዎ የሚያብጠው» አለች። «በሚለጠጥ ፋሻ ጥብቅ አድርገን እንይዘዋለን።»

ፋሻው ብርቅ ነበር። አንዱን ሲያጥቡ ሌላውን እንዲያስሩ ሁለት ሰጠናቸው። አስተሳሰሩን እኔ አሳየኋቸው፤ የባለሙያ እጅ ነውና ወዲያው ያዙት።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እብጠቱም ቁስሉም ያው። ነርሶቹ «ሰውዬው ቤታቸው ይፈቱታል» አሉ። እኔም በመጡ ቁጥር ፋሻውን በእጄ ስፈታ ምንም አልነቃሁም፤ ያው ሰው ነኝ። ሐኪሟ ግን «ሳናይ አንፍረድ» ብላ ጋዋኗን አወለቀች።

ጌጃ ሰፈር አብረን ሄድን፤ ቀድሞ ያየው ግን የእኔ ዓይን ነው! ልብስ ሰፊው የታጠበውን ፋሻ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እንደ ኮሌታ ጠርዙን እያስተካከሉ፣ በከሰል ካውያ ይተኩሱታል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ልብስ ሰፊ የተጨማደደ ነገር ታጥቆ መንገድ ይወጣል?»

ፋሻውን አንስቼ ሳብኩት። ንቅንቅ የለም! እሳቱ መለጠጡን ገድሎታል፤ ሰውዬው ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ እግራቸውን በተራ ጨርቅ ጠቅልለው ኖረዋል።

እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። እሷ ግን አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። እጠቡት አልኩ እንጂ ስለ ካውያ አልነገርኩዎትም።»

ሌላ ሁለት ፋሻ ከየት እንዳመጣች እግዜር ይወቀው። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ያንን የተቀዳ ላስቲክ መልሳ ቁስሉ ላይ ስታደርገው፣ በመስመሩና በቁስሉ መካከል የጣት ወርድ ያህል አዲስ ቆዳ ወጥቷል!

«ይኼ የማን ቆዳ ነው?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«የእርስዎ ነው። ገና ትኩስ ስፌት!»

የአሁኑንም ዳርቻ እዚያው ላስቲክ ላይ ቀድታ፣ ከደብዳቤ ጋር አያይዛ ሰጠችኝ። ሆስፒታል ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም እየሮጥኩ። ቀዶ ጠጋኙ አንብቦ ላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የቀጠሮ መዝገቡ ላይ ስማቸው ሲሰረዝ በዓይኔ ካላየሁ አልወጣም ብዬ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተንጠለጠልኩ።

ተሰረዘ!