አባቱ መሆኔን ማስረዳት ያቃተኝ ቀን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በሰላም ያለፈ ነገር ስለሆነ ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ረስቶት ነበር። እኔ ግን ከዳንግላ እንጅባራ የሚሄድ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የምተዳደረው ዳንግላ ውስጥ በብየዳ ሥራ ነው። በርና መስኮት እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ናትናኤል ያን ጊዜ ገና ጡት ብቻ ነበር የሚጠባው። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው። ቀስ ብዬ ገለጥ አድርጌ አየውና እራቴን እበላለሁ። ለቤቱ የሚያስፈልገው እስካልጎደለ ድረስ ከአባት የሚጠበቀውን ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴን ትዕግሥትን ሆዷን አጣደፋት። ጤና ጣቢያ ስትታይ ትርፍ አንጀት ነው ተባለና በዚያው በአምቡላንስ ወደ እንጅባራ ተላከች። እህቷ ብርቱካን አብራት ሄደች። ሕፃን ይዞ ሆስፒታል ማደር ጥሩ አይደለም ስለተባለ ልጁ እኔ ዘንድ ቀረ። አንዲት ጎረቤታችን ጡጦና የዱቄት ወተት አምጥታ እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየችኝ። ልጁ ግን ጡጦውን በምላሱ እየገፋ ሲያለቅስ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ደወለች።

«ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል፤ ነቅታለች። አሁን የሚያሰቃያት ጡቷ ነው፤ ወተቱ ሞልቶ አብጦባታል። ሐኪሙ ማጥባት ትችያለሽ ብሏታል። ልጁን ቶሎ ይዘህልን ና» አለችኝ።

ብርድ እንዳይመታው ብዬ ያገኘሁትን ልብስ ሁሉ ደራረብኩበት። ከላይ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ካልሲውን አልነካሁትም፤ ከትናንት ጀምሮ እግሩ ላይ ነበር። መለወጫ ልብስ መያዝ እንዳለብኝ ትዝም አላለኝ። መናኸሪያ ሄጄ መጀመሪያ ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ለቅሶውን ለቀቀው። ትከሻዬ ላይ አደረግሁት፣ ጭኔ ላይ አስተኛሁት፣ አወዛወዝኩት። ባሰበት።

አጠገቤ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቆዩና «ስንት ወሩ ነው?» አሉኝ።

«አራት... አይ፣ አምስት መሰለኝ» አልኳቸው።

«መሰለኝ? ከጠባ ምን ያህል ቆየ?»

«ትናንት ነው የጠባ።»

ወሬ ሲያወሩ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት! እናቱስ የት ሄደች?» አሉ እናትየዋ።

«ሆስፒታል ናት። ወደ እሷ እየወሰድኩት ነው።»

ከኋላችን የራሷን ልጅ የታቀፈች ወጣት ሴት ነበረች። ወደ ፊት ዘንበል ብላ ለእናትየዋ በአዊኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እኔ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ዳንግላ ተወልጄ ነው ያደግሁት፤ አዊኛ እሰማለሁ። «ይሄ ሰውዬ አባቱ አይመስለኝም፤ አያያዙን ይዩት» ነበር ያለቻቸው።

«አባቱ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ በእኔ ጩኸት ደንግጦ እስትንፋሱ እስኪቆራረጥ አለቀሰ። እነሱም ይበልጥ ጠረጠሩኝ።

መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጡ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ «አባቱ ከሆንክ የክርስትና ስሙን ንገረን» አሉኝ።

ክርስትና ሲነሣ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ቄሱ ስሙን ሲናገሩም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን በአፌ ጠርቼው አላውቅም። «ገብረ ሥላሴ» አልኩ። ወዲያው ደግሞ ልክ እንዳልሆነ ታወቀኝና «አይ፣ ወልደ ሥላሴ» አልኩ። ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። «አዲስ ቅዳም ስንደርስ ፖሊስ ካየህ አቁምልን» አሉት ሹፌሩን።

ብርቱካን ዘንድ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። የትዕግሥት ስልክ እቤት ቀርቷል። የልጁን ፎቶ ላሳያቸው ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። በር ነው። መስኮት ነው። ደግሞ በር ነው። ለደንበኛ የማሳየው የሥራ ፎቶ ብቻ። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ የልጄን ፊት የሚያሳይ አንድ ፎቶ አጣሁ። እናትየዋ በትከሻዬ አሻግረው አብረውኝ ያያሉ።

አዲስ ቅዳም መንገድ ዳር አንድ ፖሊስ ቆሟል። ሹፌሩ አቆመ፤ ሽማግሌው ወርደው ነገሩት። ፖሊሱ አልተቆጣም፤ «ወንድሜ፣ እስቲ ውረድ» ብቻ ነው ያለኝ። ወረድኩ። ከሰል በጆንያ ደርድረው የሚሸጡ ሰዎች «ምንድን ነው?» እያሉ ቀረቡ። «ልጅ ሰርቆ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማንም አልነካኝም፤ ግን ያ ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ ነበር።

እናትየዋ ወርደው «ልጁን ስጠኝ» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ አጥብቄ ያዝኩት። «ምን አደርገዋለሁ? ይሄ የረሃብ ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ አንድ የሚያመው ነገር አለ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያን ጊዜ ሰጠኋቸው።

የሚኒባሱ በር ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ፈቱት። ሰውነቱ በላብ ርሷል። ዳይፐሩ ሞልቶ እስከ ወገቡ ድረስ ሄዷል። አንድ በአንድ እያወለቁ ካልሲው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «ወይኔ ልጄን!» አሉ።

የቀኝ እግሩ አንዲት ጣት አብጣ ጠቁራለች። ከካልሲው ውስጥ የተተረተረ ክር ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ልጁ ሲያለቅስ ያደረው ለካ በዚህም ነበር። እኔ ሲያለቅስ ጡጦ ከመስጠት በቀር አንድ ጊዜ እንኳ ፈትቼ አላየሁትም።

እናትየዋ ከቀሚሳቸው ላይ መርፌ ቁልፍ አውጥተው የክሩን ጫፍ ቀስ ብለው አነሡት። ያስቆሙኝ ሽማግሌ ከቁልፋቸው ጋር ያንጠለጠሉትን ጥፍር መቁረጫ አቀበሏቸው። ፖሊሱ እግሩን ያዘ። ክሩ ሲበጠስ ልጁ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ለቅሶው ወደ መነጫነጭ ወረደ። ጣቱ ቀስ በቀስ መልኩ ሲመለስ ሁላችንም ቆመን አየን።

ወጣቷ ሴት ማንንም አላስፈቀደችም። የራሷን ልጅ ለእናትየዋ አቀበለችና የእኔን ተቀብላ ጡቷን ሰጠችው። እየተንሰቀሰቀ ጠባ። እኔ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ስልኬ የጮኸው ይኼኔ ነው። ብርቱካን ናት። ፖሊሱ ተቀበለኝና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ የሕፃኑን የክርስትና ስም ጠየቃት።

«ፍቅረ ማርያም» አለች ሳታስብ።

«ሰውነቱ ላይ ምልክት አለው?»

«ከግራ ጆሮው ኋላ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ምን ሆኖ ነው? ልጁ ደኅና ነው?»

ፖሊሱ ጎንበስ አለ። እናትየዋም ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ነጥቧ አለች። ልጄ ጆሮው ኋላ ነጥብ እንዳለው ያወቅሁት ከፖሊስ ጋር አብሬ አይቼ ነው።

ፖሊሱ «የሕፃን ነገር ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ግን እሱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ስንሳፈር ሽማግሌው ከኋላ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አትቀየመን» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔም ብዙ ወልጃለሁ። እንደ አንተ አቁመው ቢጠይቁኝ የአንዱንም የክርስትና ስም አልመልስ» አሉ።

ቀሪውን መንገድ ሴቶቹ ሲመክሩኝ ሄዱ። እናትየዋ ካልሲና ጓንት ከማልበሴ በፊት ገልብጬ ክሩን እንዳይ፣ ሲያለቅስ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ጣት ፈትቼ እንድፈትሸው ነገሩኝ። ወጣቷ ደግሞ «እኔም በመጀመሪያ ልጄ ብርድ ፈርቼ እንዲህ ሳለብስ ሳለብስ በሙቀት ሽፍ ብሎብኝ ነበር። አማቴ ባያሳዩኝ አላውቅም ነበር» አለችኝ። በአዊኛ ያለችውን መስማቴን አውቃ ይመስለኛል፤ ስታናግረኝ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ነው። ልጁ እሷ ጭን ላይ ተኛ። እንጅባራ ስንደርስ ቀስ ብላ አሳቀፈችኝና አንገቱን እንዴት እንደምደግፍ እጄን ይዛ አሳየችኝ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ።

ትዕግሥት ልጁን ስታይ ፊቷ በራ። «አስቸገረህ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም» አልኳት። ዋሸኋት።

ስታጠባው ግን እግሩን ዳበሰች፤ ጣቱ ላይ ቀይ ሰንበር አየች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ገብረ ሥላሴና ወልደ ሥላሴ ያልኩት ጋ ስደርስ የተሰፋ ሆዷን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና አለቀሰች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ ይዘኸው እንድትውል አላደረግሁም» አለች።

ከፖሊሱም፣ ከከሰል ሻጮቹም ፊት ይልቅ ያፈርኩት ይህን ስትል ነው። ጥፋቱ የእኔ ስንፍና ሆኖ ሳለ፣ ታማ የተኛችው እሷ ራሷን ትወቅሳለች።

አሁን ናትናኤል ቆሞ ይሄዳል። አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ ለክትባት የወሰድኩትም እኔ ነኝ። በተሳፋሪዎቹ ቅር አላለኝም፤ ለማያውቁት ሕፃን ብለው ነው ያቆሙኝ። ኀፍረቱ ግን አልለቀቀኝም። የባሰበኝ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሆነው ነው። ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ትዕግሥት እንባዋን ጠርጋ «ያጠባችልን ልጅ ማን ትባላለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያ ሁሉ ደርሶብኝ እንኳ ስሟን ሳልጠይቃት ነው ከሚኒባሱ የወረድኩት።

አዲስ ቅዳም ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ልጅ የታቀፉ ሴቶችን ፊት ፊታቸውን አያለሁ፤ እስካሁን አላገኘኋትም። ናትናኤል ሲያድግ ከእናቱ ሌላ ጡቷን የሰጠችው ሴት እንዳለች እነግረዋለሁ። ማን ናት ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት የለኝም።